ጥያቄ ቁጥር አምስትን ባዶ ስለተወችው ተማሪ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤቱ እንዲህ ላለው ደብዳቤ ቁጥር አልሰጥም ስላለኝ የለውም
ቀን፦ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለተከበሩ ዶክተር ጸሐዬ
በዳሞታ ግርጌ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የትምህርት ጥራትና የፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ እንዲሁም ከግንቦት ጀምሮ ታሞ ተኝቷል ሲባል ለሰማሁት ለጽሕፈት ቤትዎ ፕሪንተር ፈጣን ፈውስ ከልብ እመኛለሁ። ዘንድሮ የሶዶ ዝናብ በርትቶ ስለገባ ከቢሮዎ ወደ መኪናዎ ሲሄዱ ጃንጥላ እንዳይረሱ አደራ እላለሁ። እርጥበት ምን እንደሚያደርግ ዝንጅብል ያደረቀ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

እኔ በኮሌጃችን ለአሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ደግሞ በእርስዎ መመሪያ መሠረት «ሙያዊ እንግሊዝኛ በፕሮጀክት» የተባለውን ኮርስ የያዝኩ ወይንሸት በድሉ ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ እኔም መዝገብ ቤቱም ስለማናውቅ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተማሪ ፈጠነች ላይ የተላለፈው የአንድ ዓመት እገዳ እንዲነሳላት። እንደማይነሳ አውቃለሁ። ጉዳዩን «ምስጋና» ያልኩትም የምስጋና ደብዳቤ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ይነበባል በሚል ተስፋ ነው፤ ከዚህ ሌላ የቀረ ተስፋ የለኝም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። አምና መስከረም ላይ መምህራንን ሁሉ ለሦስት ቀን ሰብስበው፣ ተማሪ እንግሊዝኛን ከጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን እውነተኛ ሥራ እየሠራ መማር አለበት፣ እውነተኛ ሰው የሚያነበውን ደብዳቤ ይጻፍ፣ እውነተኛ ችግር ይፍታ ሲሉን፣ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጬ የሌላ ክፍል ፈተና ሳርም የነበርኩት እኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አዳመጥኩዎት። አመንኩዎትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲማር የኖረ ወጣት የሥራ ማመልከቻ ጻፍ ሲባል ከግቢው በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የተዘጋጀ ወረቀት ገዝቶ፣ ስሙን ብቻ ለውጦ፣ አንዳንዴም ስሙን መለወጥ ረስቶ የማያውቀውን ሰው ማመልከቻ በራሱ ፊርማ ሲያስረክበኝ ዓመታት አይቻለሁ። ስለዚህ መመሪያዎ ለሥራ ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ከበላይ ወርዶ ደስ ያሰኘኝ የመጀመሪያው ወረቀት ነበር። ያን ያህል ደስ ባይለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

በዚሁ መመሪያ መሠረት ዘንድሮ ከሦስተኛ ዓመት የግብርና ንግድ ተማሪዎች መካከል ፈጠነች የምትመራቸው አምስት ልጆች አንድ ፕሮጀክት መረጡ። ፈጠነች ከአረካ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች የዝንጅብል ገበሬ ልጅ ናት። በቀበሌዋ አርባ ያህል አባወራዎች ተሰባስበው ዝንጅብል የሚያደርቁበት ማኅበር አለ፤ ሊቀመንበሩም አጎቷ አቶ ጩማ ናቸው። ማኅበሩ በጥራት ያደርቃል፣ ግን ምርቱን ደላላ ባለው ጊዜና ደላላ ባለው መንገድ ከመሸጥ በቀር ለገዢ በቀጥታ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው አልነበረውም። ልጆቹም ይህን ደብዳቤ እኛ እንጻፍ አሉ። እውነተኛ ሥራ፣ እውነተኛ አንባቢ፣ እውነተኛ ችግር፤ እርስዎ እንዳሉት፣ በእርስዎ ቅደም ተከተል።

በሚኒባስ እስከ አረካ፣ ከዚያም በባጃጅ እየተንገጫገጩ ሦስት ቅዳሜ ሄዱ። እኔም አንዱን ቅዳሜ አብሬ ሄድኩ፤ ቦዬ የተባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በዳጣ አብልተውን፣ ዝንጅብሉ ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ አልጋ ላይ እንዴት እንደሚሰጣ አሳዩን። የገዢውን አድራሻ ያገኙት በሶዶ ገበያ ቅመም በጅምላ ከሚነግዱት ከአቶ ጀማለዲን ነው፤ አንድ ባዶ ጆንያ ላይ ታትሞ ነበር፣ በሆላንድ አገር ቅመም የሚገዛ ድርጅት። አቶ ጀማለዲን ፕሮጀክቱ ቢሳካ የራሳቸውን ዝንጅብል አቅራቢዎች የሚያጡ ሰው መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ። እንዲያም ሆኖ የልጆቹን ሁለት ገጽ ረቂቅ በሱቃቸው በር ላይ ቆመው አንብበው፣ «ነጋዴ ደብዳቤ የሚያነበው እንዲህ ቆሞ ነው፤ ሰላምታችሁ ሳያልቅ ደንበኛ ይጠራዋል» አሏቸው። ልጆቹም ደብዳቤውን አሥራ አራት መስመር አደረጉት። ፈጠነች ይቀነስ ሲባል እምቢ ያለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዝንጅብላችን አፈር አይነካም፣ በቀርከሃ አልጋ ላይ ይደርቃል የሚለው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ሳላነሳ ያነበብኩት የተማሪ ጽሑፍ ያ ደብዳቤ ብቻ ነው።

2ኛ. ስለ ማኅተሙም አመሰግናለሁ። ፈጠነች በስልኳ ለማኅበሩ የኢሜይል አድራሻ ከፍታ ደብዳቤውን በዚያው ልትልክ ስትል፣ ጽሕፈት ቤትዎ በኮሌጁ ፕሮጀክት ስም ወደ ውጭ የሚወጣ ማንኛውም ደብዳቤ በኮሌጁ ራስጌ ወረቀት፣ በዲኑ ፊርማና በኮሌጁ አድራሻ እንዲላክ በማዘዝ ከአጉል ፍጥነት አድኖናል። በተጨማሪም ቡድኑ ደብዳቤውን ለመጻፍ የተሰበሰበባቸው ሰባት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ እንዲያያዝ ታዘዘ፤ ልጆቹም ለእንግሊዝኛ ኮርስ ሰባት ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ጻፉ፤ በሰባቱም ላይ «በመጨረሻም ቤቱ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» የሚል አለበት። መጋቢት 13 ያለቀው አሥራ አራት መስመር ሚያዝያ 6 ወጣ። ሲወጣም የማኅበሩ ደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ የዲኑ ደብዳቤ ሆኖ ነበር። ገበሬዎቹ በውስጡ አሉ፣ ላኪው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህች ትንሽ ክብር ምን እንዳስከተለች ከታች ይመለከቱታል።

3ኛ. ሚያዝያ 17 ስለተደረገው የፕሮጀክቶች ዐውደ ርዕይ፣ ስለ ባነሩ፣ ስለ ቲሸርቱና ስለ ታሸገው ውኃ። ፈጠነች የቀርከሃ አልጋውን ሞዴል በእጇ ይዛ ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ተነሥታለች። እርስዎም ባደረጉት ንግግር ፕሮጀክቱ በስኬት መጠናቀቁን አብሥረው የምስክር ወረቀት ሰጥተዋታል። ደብዳቤው ከወጣ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበርና፣ ልጅቷ ከመድረክ ወርዳ መልስ ሳይመጣ እንዴት ተጠናቀቀ ብላ ጠየቀችኝ። ለሪፖርት ነው አልኳት። አሁን ሳስበው የኮርሱን ዋና ትምህርት ያስተማርኳት ያን ጊዜ ነው።

4ኛ. ይህን ቁጥር ለራሴ ነው የምይዘው። አቶ ጩማ ከሚያዝያ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ አረካ ገበያ ሲወጡ ይደውሉልኝ ነበር። «መምህርት፣ ደብዳቤዋ መጣች ወይ?» ይላሉ፤ እኔም አልመጣችም፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ለደላላ አይስጡ እላለሁ። ደላሎቹ ሁለት ጊዜ በራፋቸው ድረስ መጥተው ተመልሰዋል። ገበሬዎቹ ምርታቸውን ጆንያ በጆንያ በየቤታቸው አስቀምጠው የጠበቁት የእኔን ቃል ይዘው ነው። እኔም በበኩሌ መዝገብ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ መልካሙ ሰው የማያስቀይሙ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጥተውኝ፣ «መምህርት፣ ለዲን የመጣ ለዲን ነው፤ ለርስዎ የመጣ ካለ እንኳን አላስቀርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኔም በፈጠነችም ስም የመጣ ምንም ነገር አልነበረም። ዲኑን ለማነጋገር ደግሞ በትምህርት ክፍሉ በኩል፣ በትምህርት ክፍሉም በኩል በጽሕፈት ቤትዎ መቅረብ ነበረብኝና ቀረብኩ፤ እስካሁንም በመቅረብ ላይ ነኝ። በሩን ገንጥዬ አለመግባቴ ግን የእኔው ጥፋት ነው፤ ይህን ለማንም አላካፍልም።

5ኛ. አሁን ወደ ታላቁ ውለታ ደረስኩ። የሆላንዱ ድርጅት ለካ ሚያዝያ 24 መልሶ ኖሯል። አንድ ኪሎ የደረቀ ዝንጅብል ናሙና እንዲላክለት ጠይቆ፣ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች አቅርቦ፣ በተለይ ያ በቀርከሃ አልጋ ማድረቅ የተባለው እንደሳበው ገልጾ፣ እስከ ግንቦት 15 መልስ ከደረሰው የዚህን ዓመት ምርት ለመውሰድ ዝግጁ መሆኑን ጽፏል። ደብዳቤው ታትሞ ገቢ ተደረገ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ለዲኑ ቀረበ፤ ዲኑም «ለሚመለከተው» ብለው ወደ ትምህርት ዘርፍ መሩት፤ ትምህርት ዘርፉም ፕሮጀክቱ «የተጠናቀቀ» በሚለው ፋይል ውስጥ መሆኑን አይቶ «ለመረጃ» ብሎ ወደ እርስዎ መራው። እርስዎ ዘንድ ሲደርስ የጋራ ማጠቃለያ ፈተና የሚዘጋጅበት ሳምንት ነበር። መመሪያዎ ደግሞ የንባብ ጥያቄዎች ከእውነተኛው የሥራ ዓለም በተገኘ ጽሑፍ ላይ ይመሥረቱ ይላል። ስለዚህ በኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ለፈተና ግብዓት ይሁን» ብለው ፈርመውበታል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዋናው ቅጂ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ነው፤ ፈተና ደግሞ ምስጢር ነውና ኮርሱን ለምታስተምረው መምህርት አይታይም።

ግንቦት 26 ቀን ጠዋት፣ በአዳራሽ ቁጥር አራት፣ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ሁለተኛውን ገጽ ገለጡ። አዘጋጆቹ ለምስጢር ሲባል ከሆላንዱ ደብዳቤ ላይ የዲኑን ስም አጥፍተዋል፤ የማኅበሩን ስም፣ የቀርከሃውን አልጋና ቀኑን ግን አልነኩም። ፈጠነች ደብዳቤውን አንብባ የመጀመሪያዎቹን አራት ጥያቄዎች መለሰች። ከዚያ እጇን አውጥታ ፈታኙን መምህር ያሬድን ይህ ደብዳቤ የእውነት ነው ወይስ የፈተና ብላ ጠየቀች። መምህር ያሬድ በፈተና ሰዓት ጥያቄ እንደማይፈቀድ ነገራት፤ መመሪያው እንዲያ ነው የሚለው። እሷም የመልስ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ የንባቡን ገጽ ገንጥላ፣ ከአዳራሹ ወጣች።

ደጅ ካስቀመጠችው ቦርሳ ስልኳን አውጥታ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ደብዳቤውን መስመር በመስመር ወደ ወላይትኛ እየመለሰች ለአጎቷ አነበበችላቸው። እኔ በአጋጣሚ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ አይቻታለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት መምህርት ነኝና ወላይትኛዬ ባይሟላም የምትለውን ተከትያለሁ፤ በሕይወቴ ከዚያ የጠራ ትርጉም አልሰማሁም። አንድም ቃል አልዘለለችም። አቶ ጩማ ምን እንዳሉ ኋላ ነገረችኝ። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ቀኑን ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። «እህ» አሉና ዘጉት። ግንቦት 15 ካለፈ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

በጽሕፈት ቤትዎ የጥራት ሪፖርት ላይ እንደሰፈረው፣ ደራሲው መልስ የሚጠብቀው እስከ መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ ቁጥር ሦስትን ከአንድ መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አንድ መቶ አራቱ በትክክል መልሰውታል። በኮርሱ ታሪክ ከፍተኛው ውጤት ነው። እንኳን ደስ ያለዎት።

6ኛ. ስለ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ትጋት። ክሱ የፈተና ወረቀት ይዞ መውጣትና የፈተናን ምስጢር ለውጭ ሰው ማስተላለፍ ነበር። የውጭ ሰው የተባሉት እንግሊዝኛ የማያነቡት፣ ደብዳቤው በእሳቸው ስለተመረተ ዝንጅብል የተጻፈላቸው አቶ ጩማ ናቸው። ፈጠነች ለምን ወጣሽ ስትባል መልስ ስለሚጠበቅብን ነው አለች። የኮሚቴው ጸሐፊ ይህንን «ጥፋቷን አምናለች» ብለው መዝግበውታል። ኮርሱ ዜሮ፣ እገዳው አንድ ዓመት። ውሳኔው በአምስት ቀን ውስጥ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት በእጇ ደረሳት፤ ስለዚህ ኮሌጃችን ሲፈልግ ደብዳቤ በፍጥነት ማድረስ እንደሚችል ተረድቻለሁ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። ፈጠነች በዚያው በፈተናው ቀን ከሰዓት በአቶ ጀማለዲን ሱቅ ተቀምጣ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ከማኅበሩ አድራሻ ለድርጅቱ መልስ ጻፈች። ይቅርታ ጠየቀች፣ ሦስቱንም ጥያቄዎች መለሰች፣ ናሙናውን ነገ እንልካለን አለች። ድርጅቱ በማግሥቱ መለሰላት። ለዚህ ዓመት ከሌላ አቅራቢ ጋር መዋዋሉን በአክብሮት ገልጾ፣ መልካሙን ሁሉ ተመኝቶላታል። በዚህ ነገር ሁሉ ውስጥ በራሷ ስም የደረሳት ደብዳቤ ያ ብቻ ነው፤ አሳትማ ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ዝንጅብሉ ሻገተ፣ ክቡር ዶክተር። ግንቦት ማብቂያ ላይ ዝናቡ ሲከብድ በየቤቱ የተከመረው ጆንያ እርጥበት ሳበ። ያልሻገተውን አቶ ጀማለዲን ገዙት፤ ሲገዙም ከገበሬዎቹ ይበልጥ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። እኔ ቀበሌው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ያን ዕለትም ቦዬ አቀረቡልኝ። የቀርከሃው አልጋ አጥር ሆኗል። አቶ ጩማ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስታቸው ብቻ፣ ልጅቷ ዓመቱን ምን ትሠራለች ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄውን እነሆ ወደሚመለከተው መርቼዋለሁ።

የእኔ ነገር ቀላል ነው። በመጪው መስከረምም ሰብስበውን ስለ እውነተኛ ሥራ እንደሚነግሩን አልጠራጠርም፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ የሌላ ክፍል ፈተና እያረምኩ አዳምጥዎታለሁ። እስክሪብቶዬን ግን አላስቀምጥም። ተማሪዎቼን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መርቼ እልካቸዋለሁ፤ እዚያ የሚሸጠው ደብዳቤ ማንም መልስ የማይሰጥበት በመሆኑ ማንንም አይጎዳም።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ካላነበቡልኝም የለመድኩት ነውና ቅሬታ የለኝም። ጽሕፈት ቤትዎ በማኅተም እንዲከብር፣ ፋይልዎ በተጠናቀቁ ፕሮጀክቶች እንዲሞላ፣ በደጅዎም መልስ የሚጠብቅ ሰው እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ዘወትር በመቅረብ ላይ ያለችው፣
ወይንሸት በድሉ
የሙያዊ እንግሊዝኛ መምህርት

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ቁጥር ባይሰጠውም ወንበር ቢሰጠው)
ለአቶ ጀማለዲን፣ ሶዶ ገበያ (ቆመው እንዳያነቡት፣ ረጅም ነው)
ለአቶ ጩማ (ፈጠነች ወደ ወላይትኛ መልሳ የምታነብላቸው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፈተናው የመልስ ቁልፍ ከነማኅተምዎ ለእርማት ደርሶኛል። በዚያው የንባብ ክፍል ጥያቄ ቁጥር አምስት፣ ገበሬዎቹ ይህ ደብዳቤ እንደደረሳቸው ማድረግ ያለባቸው ምንድን ነው ይላል። «ሀ» ደብዳቤውን በፋይል ማስቀመጥ፣ «ለ» ለበላይ አካል መምራት፣ «ሐ» ሳይዘገዩ መልስ መጻፍ፣ «መ» ምንም አለማድረግ። ቁልፉ «ሐ» ነው ይላል፤ ሁለት ነጥብ ይይዛል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ትክክለኛውን መልስ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር ማለት ነው። የፈጠነችን ወረቀት አርሜያለሁ። አራቱን በትክክል መልሳ አምስተኛውን ባዶ ትታዋለች፤ እሱን ልትሠራ ነው የወጣችው። በመመሪያዎ መሠረት ዜሮ ሰጥቻታለሁ።